ኪና፦ በአውሮፕላን የመጣ የዋጋ ንረት

የፓፑዋ ኒው ጊኒ ገንዘብ «ኪና» ይባላል። ኪና ዛጎል ነው፤ ከዕንቁ ዛጎል በጨረቃ ቅርጽ ተቆርጦ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ። (እኛም ገንዘባችንን በማዕድን ስም ብር እንለዋለን።)

በማውንት ሄገን አካባቢ የሚኖሩት ደገኞች ባሕር አያውቁም ነበር። ዛጎሉ የሚደርሳቸው ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ፣ ከመንደር መንደር በልውውጥ ተራራውን ሁሉ አቋርጦ ነው። ስለዚህ ብርቅ ነበር። ለጥሎሽ ይሰጣል፣ ለደም ካሳ ይከፈላል፣ በበዓል ቀን ደረት ላይ ይውላል። ትልቅ ሰው የሚባለው ግን ዛጎል ያከማቸ ሳይሆን የሰጠ ነው። «ሞካ» በሚባለው የስጦታ ሥርዓት ተቀባዩ ውሎ አድሮ ጨምሮ ይመልሳል። ሰጪው ከትናንሽ የቀርከሃ ስንጥሮች የተሠራ «ኦማክ» ደረቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ አንዷ ስንጥር ስምንት ወይም አሥር ዛጎል መስጠቱን ትመሰክራለች። የሒሳብ መዝገቡን ለብሶ ይዞራል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1933 አውስትራሊያውያኑ ወርቅ ፈላጊዎች ማይክል ሊሂና ወንድሙ ዳን፣ ከመንግሥት ሹሙ ጂም ቴይለር ጋር ወደ ዋጊ ሸለቆ ዘለቁ። ሰዉ ለዛጎል አሳማውንም ጉልበቱንም እንደሚሰጥ ሲያዩ፣ ከባሕር ዳር በርካሽ የሚገኘውን ዛጎል በአውሮፕላን ያስጭኑ ጀመር። መንግሥትና ሚሲዮኖችም ተከተሉ። በቀጣዮቹ ዓመታት ትናንሾቹን ጨምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር ዛጎል ደጋው ላይ ፈሰሰ።

ይህን ታሪክ «የዋሆቹ በዛጎል ተታለሉ» ብሎ መተረክ የተለመደ ነው። ትርጓሜው ሰነፍ ነው። ደገኛው የተከፈለው በራሱ ገንዘብ፣ ራሱ በሚያውቀው ዋጋ ነበር። ያላየው ነገር ቢኖር «ማተሚያ ቤቱ» የማን እጅ እንደገባ ነው። ሁሉም ግን አልከሰረም። ቀድሞ ዛጎል የማይደርሰው ተራ ወጣት፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ወይም ስኳር ድንች ሸጦ የራሱን ያዘ፤ ዛጎሉን ጠቅልለው የያዙት ሽማግሌዎች ብቸኝነታቸው ተሰበረ። የከፋው ዕድል ዕድሜውን ሙሉ በዛጎል የቆጠበው ሰው ነው። ከ1960ዎቹ ወዲህ ወጣቱ ፊቱን ወደ አውስትራሊያ ዶላር አዞረ፤ በ1970ዎቹ ሞካ በብር ኖትና በመኪና ጭምር ይደገስ ጀመር።

ሚያዝያ 1975፣ ነጻነቱ ሊታወጅ አምስት ወር ሲቀረው፣ አገሩ የራሱን ገንዘብ አወጣ፤ አንድ ኪና በአንድ የአውስትራሊያ ዶላር። ሳንቲሙም «ቶዌያ» ተባለ፤ እሱም የባሕር ዳርቻዎቹ ሰዎች የክንድ ዛጎል ስም ነው። ያኔ የወጣው የአንድ ኪናው ሳንቲም መሐሉ ቀዳዳ ነበር፤ ክር ቢገባበት አንገት ላይ ይንጠለጠል ነበር።