ጆሮና ዓይን፦ የቋንቋ ፈተና ታሪክ በሐይቅና በአምባሰል

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። የወልዲያን መንገድ ይዞ ከቀጠለም የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ውጫሌን ያገኛል። የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ችሎታና ስለ አመዛዘኑ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ነገሩን ከእነዚህ ሁለት ሥፍራዎች ለመጀመር መረጥሁ። ምርጫዬ ከትውልድ ስፍራ ፍቅር የመጣ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ባዕድ ቋንቋን በዓይኑ ሲያነብና በጆሮው ሲሰማ ምን ያህል ተረድቷል የሚለው ጥያቄ፣ በእነዚህ ሥፍራዎች ከዘመናዊ ትምህርት ቤት በፊት ብዙ ዘመን ሲጠየቅ የኖረ ነው። በአንደኛው ሥፍራ በሚገባ ተመልሷል፤ በሁለተኛው ሳይመለስ ቀርቶ አገርን ለጦርነት ዳርጓል። በዓመተ ምሕረት የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ተነሥተው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ የመጡት በ1240 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ገዳሙ በእርሳቸው ጊዜ የመጻሕፍት መገልበጫና የትምህርት ማዕከል ሆነ፤ ከደቀ መዛሙርታቸውም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈውና የእርሳቸውን ሥዕል የያዘው ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕርግ በነገሥታቱ ዘንድ ምን ያህል ይከበር እንደነበር የታሪክ አንባቢ ያውቀዋልና አላስረዝመውም። ለርእሳችን የሚጠቅመው ግን በዚያ ይነበብና ይጻፍ የነበረው ግእዝ፣ የማንም ልጅ በእናቱ ጉያ የሚሰማው ቋንቋ መሆኑ ከቀረ በኋላ በትምህርት ብቻ ሲተላለፍ መኖሩ ነው። ስለዚህ የቤተ ክህነት መምህር ያጋጠመው ችግር፣ የዛሬ የእንግሊዝኛ መምህር ከሚያጋጥመው ብዙ የራቀ አልነበረም።

መምህሩ ይህን ችግር የፈታበት ዘዴ አንድ መሐንዲስ በአድናቆት ሊያየው የሚገባ ነው። ሕፃኑ ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳውን ይለያል፤ ከፊደለ ሐዋርያ ወደ ግእዝ ንባብ፣ ከግእዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ ይሸጋገራል፤ በመጨረሻ ዳዊት ይደግማል። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ፈተና አለው፤ ፈተናውም ለዓመት መጨረሻ አይጠብቅም። የኔታ ጠዋትና ማታ እያዳመጡ ተማሪው የት እንደ ሳተ ወዲያው ይነግሩታል። ተነሣሽ የሆነውን ቃል ወድቆ፣ ወዳቂውን ተነሥቶ፣ ሰያፉን ወይም ተጣዩን አለቦታው ያነበበ እንደሆነ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አያልፍም። ይህ የዓይን ፈተና ነው። የጆሮው ፈተና ደግሞ የቃል ትምህርት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ መጽሐፍ በማይታይበት በምሽት ይካሄዳል። መምህሩ ይላሉ፤ ተማሪው ሰምቶ ይቀበላል፤ የተቀበለውን ይመልሳል። ያልሰማ አይመልስም፤ ያልመለሰም እንዳልሰማ ወዲያው ይታወቅበታል።

ይህ ሥርዓት ነቀፌታ አይኖርበትም ማለት አይደለም። አንድ ልጅ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ሳያደናቅፍ አንብቦ ትርጉሙን ግን ከቶ ላያውቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ይህን ስለ ራሱ ያውቅ ነበር። ንባብን በንባብነቱ መዝኖ፣ ማስተዋልን ለቅኔና ለትርጓሜ ቤት አቆየው እንጂ፣ አንዱን ለክቶ ሌላውን ለካሁ አላለም። አሳብን ወደ ኋላ ስለምመለስበት አንባቢ ይህችን ነጥብ ይያዝልኝ።

በነገራችን ላይ፣ ስለ ጆሮ ካነሣን፣ አምባሰል ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ለአንዱ ስሙን የሰጠ አገር ነው። ማሲንቆ በሚመታበት ቤት ያደገ ልጅ አምባሰልን ከባቲ፣ ትዝታን ከአንቺ ሆዬ ለመለየት መጽሐፍ አላስፈለገውም። የአገሩ ሰው ጆሮ የሠለጠነ ጆሮ ነው፤ ስለ ተማሪዎቻችን የማዳመጥ ችሎታ ስንናገር ጉድለቱን ከተፈጥሮ እንዳንቆጥረው ይህን ማስታወስ ይገባል።

ወደ ውጫሌ እንሻገር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት ወኪል በአንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል ታሪክ ለማንም ኢትዮጵያዊ አዲስ አይደለም፤ እኔ የማነሣው የቋንቋውን ጉዳይ ብቻ ነው። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። በአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የአማርኛው ቃል ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ለመጠቀም እንዲችሉ ሲፈቅድ፣ ኢጣልያንኛው ይህንኑ ግዴታ አደረገው። በአስተርጓሚነት የሠሩት ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ነበሩ። ልዩነቱ ገሃድ የወጣው ከአውሮፓ ነገሥታት የመጡ መልሶች በተነበቡ ጊዜ ነው። ዐፄ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. ማፍረሳቸውን አስታወቁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውም ይታወቃል። ውሉ የተፈረመበት ሥፍራ ይስማ ንጉሥ ይባላል። በስሙ ላይ ምንም አልጨምርበትም፤ ነገር ግን የሁለት ቋንቋ ውል የሚፈርም የሙያ ባልደረባዬ ሁሉ አንድ ጊዜ ሄዶ ሥፍራውን ቢያየው መልካም ነው። የሥራ ውላችንም የሥራ ዝርዝራችንም በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ስለሆነ፣ ሊሆን ይችላል በሚልና ይገባል በሚል ቃል መካከል ያለው ርቀት በየቀኑ በገንዘብ ይመነዘርብናል።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ምኒልክ ሲከፈት ቀዳሚው የባዕድ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛንና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን ያስተምር ነበር። እንግሊዝኛ ብቻውን ዙፋኑን የያዘው ኢጣልያ ከተባረረ በኋላ ነው። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈቱ። መምህሩም መጽሐፉም ከውጭ ይመጣ ነበርና የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የተመዘኑት በለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ነው። በ1942 ዓ.ም. የራሳችን የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና ተቋቋመ። ሕዝቡ ግን የቀድሞውን ስም አልተወውም፤ ማትሪክ እያለ እስከ ዛሬ ይጠራዋል። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር ማትሪክ በሩን የሚከፍት ቁልፍ ሆነ። ከአማርኛ በቀር ሌላው ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚፈተን ስለ ነበር፣ እንግሊዝኛ የወደቀበት ተማሪ በሒሳብና በፊዚክስም ግማሽ ዕድሉን አስቀድሞ ያጣ ነበር።

በደሴ የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ብዙ የወሎ ልጆች ለዚህ ፈተና ተዘጋጅተውበታል። የዚያን ዘመን ተማሪ በጆሮ በኩል አንድ ጥቅም ነበረው። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ፤ የሕንድ መምህራንም በየአውራጃው ነበሩ። ተማሪው በአንድ ቀን የአሜሪካንንም የሕንድንም የኢትዮጵያዊ መምህሩንም እንግሊዝኛ ይሰማ ነበር። የተማሪው ቁጥር ጥቂት፣ ሰሚና ተናጋሪ በአንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት የሚገናኙ ስለ ነበሩ፣ የማዳመጥ ፈተና ባይኖርም ማዳመጡ በየቀኑ ይፈተን ነበር ማለት ይቻላል።

በ1956 ዓ.ም. አማርኛ የአንደኛ ደረጃ መማሪያ ቋንቋ ሲሆን እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ብቻ እየተሰጠ ቆይቶ፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ጊዜ የሁሉም ትምህርት መሣሪያ ይሆን ጀመር። ውሳኔው በመሠረቱ ትክክል እንደ ነበር አምናለሁ፤ ሕፃን በሚያውቀው ቋንቋ መማር አለበት። ዳሩ ግን ድልድዩ አጭር ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በየወረዳው ሲስፋፋ የውጭ መምህራን ሄዱ፤ የክፍሉ ተማሪ ቁጥር አሻቀበ፤ ጆሮ የሚማርበት አጋጣሚ እየጠበበ መጣ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ጆን ስቶዳርት የተባሉ እንግሊዛዊ ባለሙያ የትምህርት ቤቶቻችንን እንግሊዝኛ መርምረው፣ ተማሪዎቹ በቋንቋው ለመማር የሚያበቃ ችሎታ እንደሌላቸው አስረዱ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ደነገገ፤ ማትሪክም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለአሥረኛ ክፍል ፈተና ቦታውን ለቀቀ። የአሥረኛው ክፍል ፈተና ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ቀርቶ አገር አቀፉ ፈተና ወደ አሥራ ሁለተኛ ተመለሰ።

በዚህ መካከል ስለ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ጥቂት ልቆይ፤ እኔ ራሴ ከዚያ ትውልድ ነኝና። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁ ትምህርቶች በሳተላይት አማካይነት በመላ አገሪቱ ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ይተላለፉ ጀመር። በቴክኒክ ረገድ ድንቅ ሥራ ነበር። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ድምፅ፣ ያው ትምህርት በአዲስ አበባም በወረዳ ከተማም ይሰማል። ነገር ግን የማስተላለፊያው ጥራት የተቀባዩን ዐቅም አይጨምርም። ማያው አይጠብቅም፤ አልሰማሁም ቢሉት አይደግምም። የአንድ ክፍለ ጊዜ ትልቁን ድርሻ እርሱ ወስዶ ለመምህሩ የሚተርፈው በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። እኔ በተማርሁበት ትምህርት ቤት፣ ማያው ጥያቄ ጠይቆ መልስ ለመጻፍ የሰጠን ጊዜ የሚያልቀው ጥያቄውን እርስ በርሳችን በአማርኛ ስንተረጓጎም ነበር። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ትምህርቱ አለፈ ማለት ነው። እንዲህ አድርገን ፊዚክስንም ሥነ ሕይወትንም በጆሮ ተማርን፤ አገር አቀፉ ፈተና ሲመጣ ግን አንድም በጆሮ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረበትም።

የነገሩ ቁም ነገር ይህ ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናችን ምንባብ፣ ሰዋስውና ቃላት፣ እንዲሁም በጽሑፍ የቀረበ ንግግር ይዞ፣ ከአማራጮች አንዱን ማጥቆር የሚጠይቅ ነው። ንባብን በከፊል ይለካል፤ ማዳመጥን ከነጭራሹ አይለካም፤ የሚሰጠው ውጤት ግን እንግሊዝኛ በሚል በአንድ ስም ይጠራል። የሐይቅ መምህር ያልፈጸመውን ስሕተት እኛ ፈጽመናል። መምህሩም ተማሪውም የማይፈተነውን ነገር ይተዋል፤ ስለሆነም በክፍል ውስጥ የማዳመጥ መልመጃ በመጽሐፉ ላይ ተጽፎ እያለ የሚዘለል ገጽ ሆኗል።

መለኪያውም ራሱ ሊለካ ይገባዋል። አራት አማራጭ ያላቸው 100 ጥያቄዎች አሉ እንበል። ምንም ሳያነብ በዕጣ የሚያጠቁር ተማሪ በአማካይ 25 ያገኛል። በዕጣ ከሚያጠቁሩ 100 ተማሪዎች መካከል የ95ቱ ያህል ውጤት ከ17 እስከ 33 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ 20 ያገኘውና 30 ያገኘው ተማሪ ልዩነታቸው የዕውቀት ይሁን የዕድል፣ ፈተናው ሊነግረን አይችልም። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ መሆናቸው ሲገለጽ አገር ደነገጠ። ድንጋጤው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ የሁሉም ትምህርት ድምር ነውና፣ ተማሪው የወደቀው ኬሚስትሪውን ስላላወቀ ነው ወይስ ጥያቄውን አንብቦ ስላልተረዳ ነው የሚለውን አይለይልንም። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴን፣ ሐይቅንና ውጫሌን ባዳረሰ ጊዜ ትምህርቱ ለተቋረጠበት ልጅ ይህ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። የሚያስፈልገው የኬሚስትሪ ማካካሻ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ የንባብ ከሆነ ሌላ።

ሌሎች አገሮች ጆሮን ወደ ፈተና አዳራሽ አስገብተዋል። በቻይና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የእንግሊዝኛው ጠቅላላ ነጥብ 150 ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር ከዚህ 30ው የማዳመጥ ነው። በደቡብ ኮርያ ከ45 ጥያቄዎች 17ቱ በጆሮ የሚመለሱ ናቸው፤ የማዳመጡ ክፍል በሚሰጥበት ጊዜም ድምፃቸው ተማሪዎቹን እንዳያውክ አውሮፕላኖች እንዳይነሡና እንዳያርፉ ይደረጋል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ፈገግ ብያለሁ፤ በኋላ ግን ነገሩ ለማዳመጥ የተሰጠውን ክብደት የሚያሳይ መሆኑን ተረዳሁ።

በእኛ አገር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዋናው መሰናክል የመሣሪያ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ የፈተና ክፍሎችን እኩል በሚሰማ ድምፅ ማጉያ፣ ከመጠባበቂያ ኃይል ጋር ማደራጀት የማይታሰብ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። በኮምፒውተር ፊት ለተቀመጠ ተፈታኝ የጆሮ ማዳመጫ ማቅረብ ከወጪውም ከአሠራሩም አንጻር የሚቻል ነው። ድምፁ በየኮምፒውተሩ ላይ አስቀድሞ ሊጫን ስለሚችል የመስመር መቆራረጥ አያሠጋውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማዳመጡ ነጥብ ለማሳለፍና ለመጣል ሳይቆጠር ለብቻው ቢመዘገብ፣ ያልተዘጋጀውን ተማሪ ሳይጎዳ መምህራኑን ወደተዘለለው ገጽ ይመልሳቸዋል።

የሚቀረው ጥያቄ የሚቀረጸው ድምፅ የማን ይሁን የሚለው ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በወሎ በኩል ወደ ወልዲያ የሚዘልቀውን የባቡር መሥመር የያዘው የቱርክ ተቋራጭ ነው፤ ከወልዲያ ወደ መቀሌ የተጀመረው ደግሞ ለቻይና ተቋራጭ ተሰጥቶ ነበር። በእንዲህ ያለ የሥራ ቦታ መሐንዲሱም የመሣሪያ አንቀሳቃሹም የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ነገር ግን ከተናጋሪዎቹ አንዱም እንግሊዛዊ አይደለም። ከአምባሰል የወጣ ወጣት ቀያሽ ነገ የሚሰማው የአንካራን፣ የቤይጂንግን፣ የዴልሂንና የአዲስ አበባን እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በበኩሌ ለፈተናው የሚቀረጸው ድምፅ ግማሹ የኢትዮጵያውያን መምህራን፣ ግማሹ ደግሞ የልዩ ልዩ አገር ተናጋሪዎች እንዲሆንና፣ እያንዳንዱ ንግግር ሁለት ጊዜ እንዲደገም ሐሳብ አቀርባለሁ።