እንግሊዝኛ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፦ ከጥቁር ሰሌዳ እስከ ሚኒ ሚዲያ

ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ፣ በመቂና በዝዋይ አልፎ ላንጋኖና ሻሸመኔ በሚደርሰው መንገድ ላይ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የቆየ ታሪክ አለው። ወደ አዳማ ቀድሞ የደረሰው የአውሮፓ ቋንቋ ግን ፈረንሳይኛ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1902 (የዚህ ጽሑፍ ዓመታት ሁሉ እ.አ.አ. ናቸው) ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ በአዳማ አልፎ አዲስ አበባ ሲደርስ የባቡር ኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ለፈረንሳይኛ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ነበር። ከ1941 ወዲህ፣ ጣሊያን በእንግሊዝ ጦር እርዳታ ከተባረረ በኋላ፣ እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ከቤቱ አፋን ኦሮሞ ይዞ ለሚመጣው የአርሲ ወይም የዝዋይ ልጅ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋ ነበር። የዩኒቨርሲቲ በር የሚከፈተውም በ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ነበር። ትምህርቱ በአብዛኛው ከሰሌዳ መገልበጥ፣ ሰዋስው መሸምደድና በኅብረት መድገም ነበር። ብዙ ተማሪ የግስ እርባታውን በቃሉ እየወጣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ይቸገር ነበር።

በመስከረም 1962 ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በሃሪስ ዎፎርድ መሪነት ኢትዮጵያ ገቡ። ያኔ ናዝሬት ትባል የነበረችውን አዳማንና አሰላን ጨምሮ በበርካታ ከተሞች ተመድበው የመምህራንን እጥረት አቃለሉ። ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያስተምሩ ተደረገ፤ የህንድ መምህራንም በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ተማሪው ከአማርኛም ከአፋን ኦሮሞም ውጭ የሚናገር መምህር ፊት ሲቀመጥ፣ እንግሊዝኛ የፈተና ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ መግባቢያም ሆነ።

ከክፍል ውጭ የተጀመረ ጥናትም በናዝሬት ታሪክ ትልቅ ስፍራ አለው። በ1960ዎቹ የአጼ ገላውዲዎስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንግሊዝኛቸውን ለማሻሻል በኃይለማርያም ማሞ ሆስፒታል ይሠራ ወደነበረ የሜኖናይት ሚስዮን ሐኪም ቀረቡ። ሐኪሙ የዮሐንስ ወንጌልን መማሪያ አድርጎ ያስተምራቸው ጀመር። ከዚህ ጥናት የተነሳው ስብስብ ከጊዜ በኋላ «ሰማይ ብርሃን» ተብሎ የሚታወቅ የወጣቶች መንፈሳዊ እንቅስቃሴ ሆነ። በላንጋኖ ደግሞ ቋንቋው በሥራ በኩል ገባ። ሐይቁ ቢልሃርዚያ የሌለበት የመዋኛ ስፍራ ተብሎ ስለሚታወቅ የውጭ እንግዶችን ይስባል፤ በበቀለ ሞላ ሆቴልና በሌሎችም መዝናኛዎች እንግዳ መቀበል እንግሊዝኛ መናገርን የሚጠይቅ ሙያ ነው።

የሰላም ጓድ በ1977 ከአብዮቱ በኋላ ወጣ። የ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ሲያጸና፣ በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ሆነ፤ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያ ይሆናል። ይህ ሽግግር ለተማሪው ከባድ ነው። በ2004 የመጣው፣ በክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን ስክሪን የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት ደግሞ ክብደቱን ጨመረበት። ስክሪኑ በፍጥነት ሲናገር ተማሪው ጥያቄ የሚያነሳበት፣ መምህሩም ቆም ብሎ የሚያስረዳበት ጊዜ ጠበበ።

ለዚህ መፍትሔ ሆነው የመጡት ተማሪውን የሚያናግሩ ዘዴዎች ናቸው። የመምህራን የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ሥልጠና ተጀመረ፤ በ2007 የተመለሰው የሰላም ጓድም እስከ 2020 በእንግሊዝኛ ማስተማር ላይ ተሳተፈ። የእንግሊዝኛ ክበባት ተስፋፉ፤ የሚኒ ሚዲያ አባላት በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ዜናና ግጥም በእንግሊዝኛ ያቀርባሉ። በክፍል ውስጥም ጭውውት፣ ክርክር፣ የጥያቄና መልስ ውድድርና አንዱ የያዘውን መረጃ ሌላው ጠይቆ የሚያገኝበት የጥንድ ልምምድ ይሠራሉ። የገበያ ጭውውት ሲሠራ አንዱ ተማሪ የዝዋይ ቲማቲም ሻጭ፣ ሌላው ገዢ ሆኖ በእንግሊዝኛ ዋጋ ይከራከራል።

እነዚህ ዘዴዎች ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ትልቁ እንቅፋት የክፍሉ መጨናነቅ ነው፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁሉም ተማሪ ለመምህሩ ሊናገር አይችልም። ጥንድና ቡድን የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ ተራ ደርሶት የራሱን ዓረፍተ ነገር ይናገራል።