ሞተሩ ከሌላ፣ አካሉ ከሌላ፦ የኤምጂቢ ስፖርት መኪናና የሞተር ቅያሬ ታሪክ

(የሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የመኪና ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ከነዳፊው መሐንዲስ ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ፋብሪካው፣ ከፋብሪካው ወደ ገበያው ያልፍና መኪናው ለመጀመሪያ ገዢው ሲሸጥ ያበቃል። መኪናው ካረጀ፣ ዋጋው ከወደቀ፣ ሦስተኛና አራተኛ ባለቤት እጅ ከገባ በኋላ ያሳለፈው ዘመን ታሪክ እንደሌለው ይቆጠራል። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ስለ ተዘነጋው ዘመን ነው። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው አሮጌ ስፖርት መኪና ገዝቶ፣ የራሱን ሞተር አውርዶ፣ ከሌላ መኪና የወጣ ሞተር ሲተክልበት የሚሠራው ሥራ በምህንድስና ታሪክ ውስጥ ምን ቦታ ይገባዋል? በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን እያልን የምንጠራቸው የመኪና ክፍሎች ስማቸው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። እነዚህ ቃላት በአማርኛ የሰፈሩት ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ በጋራዥ ሠራተኞች አንደበት ነው። እጅ የሚያውቀው ዕውቀት ከጽሑፍ ቀድሞ እንደሚጓዝ ቋንቋችን ራሱ ምስክር ስለሆነ፣ እኔም ዛሬ በእነዚሁ ቃላት እጠቀማለሁ።

የሞተር ቅያሬ ልማድ ሁለት የቆዩ ምንጮች አሉት። አንደኛው አሜሪካ ነው። ፎርድ በ1932 ባለ ስምንት ሲሊንደር የቪ ቅርጽ ሞተር ለመካከለኛ ገቢ ሰው በሚቀርብ ዋጋ አወጣ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሞተር የባለጸጎች መኪና መለያ ነበር። መኪኖቹ ሲያረጁ ሞተሮቹ በርካሽ ይገኙ ጀመር፤ የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶችም በቀላል አሮጌ አካል ላይ እየተከሉ በደረቁ የሐይቅ ወለሎች ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። ልማዱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጣም ከመስፋፋቱ የተነሣ በጥር 1948 «ሆት ሮድ» የተባለ መጽሔት እስከ መመሥረት ደረሰ። ሁለተኛው ምንጭ ብሪታንያ ነው። በዚያ ገንዘብም ነዳጅም የተመጠነ ስለነበር ትልቅ ሞተር የሚመኝ ጥቂት ነው፤ ሰዉ የሚያተኩረው ክብደት በመቀነስ ላይ ነበር። የሎተስ ኩባንያ መሥራች ኮሊን ቻፕማን የመጀመሪያ መኪናውን በ1948 የሠራው አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ፈትቶ ነው። አሜሪካዊው ጉልበት ሲጨምር እንግሊዛዊው ክብደት ይቀንስ ነበር ማለት ይቻላል። በ1962 ካሮል ሼልቢ የፎርድን ቪ8 በእንግሊዙ ኤሲ ኤስ መኪና ውስጥ ተክሎ ኮብራን ሲያወጣ ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ። ኮብራ ግን በገንዘብ የተደገፈ የንግድ ሥራ ነበር። የሁለቱን መንገዶች ጋብቻ በተራው ሰው ጋራዥ ውስጥ ለማየት ከፈለግን ወደ ኤምጂቢ መሄድ አለብን።

ኤምጂቢ በ1962 በአቢንግደን ከተማ መሠራት ጀመረ፤ ምርቱ የተቋረጠው በ1980 ነው። በእነዚህ ዓመታት ከ500,000 በላይ ተሠርቷል፤ ትልቁ ክፍልም ወደ አሜሪካ ተልኳል። አካሉና ሻንሲው አንድ ሆኖ የተሠራ፣ ጠንካራ፣ ለመጠገን የማያስቸግር መኪና ነበር። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1,798 ሲሲ፣ ወደ 95 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ የብረት ሞተር ነው። የማያስከፋ ሞተር ቢሆንም ዓመታት ሲያልፉና ተወዳዳሪዎች ሲበረቱ መኪናው ዘገምተኛ መባሉ አልቀረም።

ፋብሪካው መጀመሪያ የሰጠው መልስ በ1967 የወጣው ኤምጂሲ ነበር። በዚሁ አካል ውስጥ 2,912 ሲሲ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ገባበት። ጉልበቱ ወደ 145 ከፍ አለ፤ ነገር ግን ሞተሩ ከቀድሞው ከ90 ኪሎ ግራም በላይ ይከብድ ነበር፤ ያ ሁሉ ክብደት ያረፈውም በፊት ጎማዎች ላይ ነው። የፊቱ ማንጠልጠያ እንዲለወጥ፣ ኮፈኑም እንዲያብጥ ግድ ሆነ። የዘመኑ የመኪና ጋዜጠኞች መኪናው ጠምዛዛ መንገድ ላይ አፍንጫው ይከብዳል ብለው ነቀፉት፤ ወደ 9,000 ገደማ ብቻ ተሠርቶም በ1969 ቀረ። ተማሪዎች ይህን ምሳሌ እንዲይዙት እፈልጋለሁ፤ የተሟላ ቤተ ሙከራና የሠለጠኑ መሐንዲሶች ያሉት ፋብሪካም የሞተር ቅያሬን ሊያበላሽ ይችላል።

ትክክለኛው ሞተር በዚያን ጊዜ ከወደ ሌላ አቅጣጫ እየመጣ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ለ1961 የሞዴል ዓመት በቡዊክ ስም 3.5 ሊትር፣ ሙሉ በሙሉ የአሉሚኒየም ቪ8 አውጥቶ ነበር። ክብደቱ ወደ 145 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አሉሚኒየሙን ማቅለጥና ቅርጽ ማውጣት ውድ ሆነ፤ በዚያው ጊዜ ብረትን ቀጭን አድርጎ የመቅለጥ ዘዴ ስለ ተሻሻለ ኩባንያው በ1963 ሞተሩን ተወው። የሮቨር ሥራ አስኪያጅ ዊልያም ማርቲን-ኸርስት ለሌላ ጉዳይ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሳለ፣ በዊስኮንሲን የጀልባ ሞተር በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ይህን ሞተር እንዳየው በሰፊው ይነገራል። ሮቨር በ1965 የማምረት መብቱን ገዛ። አሜሪካ የጣለው ሞተር በ1967 በሮቨር መኪና፣ በ1970 ደግሞ በሬንጅ ሮቨር ውስጥ ታየ።

እዚህ ላይ የግለሰቡ ጋራዥ ከፋብሪካው ቀደመ። ኬን ኮስቴሎ የተባለ እንግሊዛዊ እሽቅድድም ነጂ በ1970 ገደማ የሮቨርን ቪ8 በኤምጂቢ ውስጥ መትከልና መሸጥ ጀመረ። ያስተዋለው ነገር ቀላል ነው፤ 3,528 ሲሲ ያለው የአሉሚኒየም ሞተር 1,798 ሲሲ ካለው የብረት ሞተር አይከብድም። ስለዚህ ኤምጂሲን ያበላሸው የአፍንጫ ክብደት አይመጣም። የኮስቴሎ መኪኖች ካርቡራተራቸው ከሞተሩ አናት ላይ ስለሚቀመጥ ኮፈናቸው ያበጠ ነበር፤ ዲፈረንሻላቸውም ለረጅም ጉዞ የሚመቸው የኤምጂሲው ዓይነት ነበር። ዝናው ሲሰማ ብሪቲሽ ሌይላንድ ከመኪኖቹ አንዱን አስመጥቶ መረመረ፤ የአቢንግደን መሐንዲሶችም የራሳቸውን እንዲሠሩ ታዘዙ።

የፋብሪካው ኤምጂቢ ጂቲ ቪ8 በነሐሴ 1973 ለገበያ ቀረበ። መሐንዲሶቹ ካርቡራተሮቹን ወደ ኋላ በማዛወር ኮፈኑ ሳያብጥ እንዲዘጋ አደረጉ፤ ራዲያተሩን ወደ ፊት ገፍተው ሁለት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ጨመሩበት፤ የፍሬኑን ዲስክ አወፈሩ። ሞተሩ 137 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ካምቢዮው ግን የሞተሩን የመጠምዘዝ ኃይል በሙሉ አልቻለውም፤ በሦስተኛ ማርሽ ይሠራ የነበረው ተጨማሪ የፍጥነት ማርሽ ምርቱ ብዙ ሳይቆይ እንዲቀር ተደረገ። ከሁለት ወር በኋላ የነዳጅ ቀውስ መጣ። መኪናው ለአሜሪካ ገበያ ሳይቀርብ፣ ጣሪያው የሚገለጥ ዓይነትም ሳይሠራለት በ1976 አበቃ። የተሠራው 2,591 ብቻ ነው።

የኩባንያውን መዝገብ ብቻ የሚያነብ የታሪክ ጸሐፊ እዚህ ላይ «ፕሮጀክቱ ከሸፈ» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። በጋራዦች ውስጥ ግን ታሪኩ ገና መጀመሩ ነበር፤ እንዲቀጥል ያደረጉትም ማንም ያላቀዳቸው ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው በ1974 የመጣው የአሜሪካ ደንብ ነው። ደንቡን ለማሟላት ኤምጂቢ ጥቁር ግዙፍ የግጭት መከላከያ ተገጠመለት፤ ከመሬት ያለው ከፍታም ጨመረ። አፍቃሪዎቹ መልኩ ተበላሸ ብለው ስለ ራቁት ዋጋው ከቀደሙት ዝቅ አለ። ነገር ግን ፋብሪካው ሁለት ዓይነት አካል ላለመሥራት ሲል የኋለኞቹን መኪኖች የሞተር ክፍል ለቪ8 በሚመች ቅርጽ አዘጋጅቶት ነበር። የተናቀውና ርካሹ መኪና ለሞተር ቅያሬ ከሁሉ የተመቸ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ሮቨር ኤስዲ1 ነው። ከ1976 እስከ 1986 የተሠራው ይህ ትልቅ የቤት መኪና ዝገት ቶሎ ይበላው ነበር። አካሉ ሲያልቅ ቪ8 ሞተሩና ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮው ገና ደህና ነበሩ። አሮጌ መኪኖች የሚፈቱባቸው ግቢዎች በእነዚህ ሞተሮች ተሞሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ዋናዎቹ የቡዊክ ሞተሮች ከ1961–1963 መኪኖች ላይ እየተፈቱ ይወሰዱ ነበር።

አቅም የሌለው ሰው በዚህ መንገድ ምን ተማረ? ሞተሩ ከወጪው ሁሉ ትንሹ መሆኑን ነው። ርካሽ ሞተር ተክሎ የተደሰተ ሰው ብዙ ሳይቆይ ዕዳው በየተራ ይመጣበታል። መጀመሪያ ሙቀት ይመጣል፤ ለአራት ሲሊንደር የተሠራ ራዲያተር የስምንቱን ሙቀት ማውጣት አይችልም፤ አሉሚኒየምም ከልክ በላይ ሲሞቅ ይጣመማል። ቀጥሎ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። የአጭር ጥርስ ዲፈረንሻል ካልተለወጠ ሞተሩ በረጅም መንገድ ላይ ያለ ጥቅም ይጮኻል። የጭስ ማውጫው ቱቦ በአንድ ወገን የመሪውን ዘንግ ይነካል፤ ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቱቦውን በሞተሩ ክፍል የጎን ላሜራ ቀዳዳ አውጥቶ ማሳለፍ ነው። በመጨረሻም ፍሬን አለ፤ ይህን ዕዳ ያዘገየ ሰው በገንዘብ ብቻ አይከፍለውም። ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ሥራውን ከኋላ ወደ ፊት የሚጀምሩት በዚህ ምክንያት ነው፦ ፍሬኑ፣ ማንጠልጠያው፣ ዲፈረንሻሉና ራዲያተሩ ከተስተካከሉ በኋላ ሞተሩ ይገባል። ሞተሩን ብቻ ከመግዛት የዛገውን መኪና በሙሉ መግዛትም ይረክሳል፤ ካምቢዮው፣ ሽቦው፣ ብሎኑ ሳይቀር አብሮ ይገኛልና። በሥርዓተ ምህንድስና ትምህርት «አንዱ ክፍል ሲለወጥ ሁሉም ይነካል» የምንለውን ሕግ እነዚህ ሰዎች በኪሳቸውና በቆሰለ እጃቸው ደረሱበት።

የታሪኩ መደምደሚያ ደግሞ ወደ ፋብሪካው ይመልሰናል። በ1988 የኤምጂቢ አካል በቀድሞው ማተሚያ እንደገና መሠራት ጀመረ። ሮቨርም በ1992 ይህንኑ አካል መነሻ አድርጎ፣ በ3.9 ሊትር ቪ8 የሚነዳ፣ ጣሪያው የሚገለጥ ኤምጂ አርቪ8 አወጣ። ወደ 2,000 የሚጠጋ ተሠርቶ አብዛኛው ወደ ጃፓን ሄደ። ግለሰቦች በጋራዣቸው ለሃያ ዓመት ሲሠሩት የኖሩትን መኪና ፋብሪካው በመጨረሻ በይፋ ሠራው። የጭስ ማውጫ ቱቦው ያው በጎን ላሜራው በኩል ያልፋል።

አሁን ወደ መነሻ ጥያቄዬ ልመለስ። በአሮጌ መኪና ሰብሳቢዎች ዘንድ «እንደ ተሠራ የቆየ» መኪና ይከበራል፤ የተለወጠው እንደ ተበላሸ ይቆጠራል። ይህ ፍርድ በሙዚየሞችና በታሪክ ጸሐፊዎችም ላይ ተጽዕኖ አለው፤ የሚጠበቀውንና የሚጣለውን ይወስናልና። ከ2,591ዱ የፋብሪካ ቪ8ዎች አንዱን ፈትቶ መለወጥ ጥፋት እንደሆነ እስማማለሁ። ከ500,000 በላይ ከተሠራው ተራ ኤምጂቢ አንዱን ስለ ለወጠ ሰው ግን እንደዚያ ማለት አንችልም። የተበየደው ላሜራ፣ የተቀየረው መሠረት፣ በእጅ የተቆረጠው ቀዳዳ መዛግብት ያልያዙት ሰነድ ነው፤ ማን፣ በምን አቅም፣ ምን ችግር ገጥሞት እንዴት እንደ ፈታው ይናገራል። ያን መኪና «ወደ ጥንቱ እንመልሰው» ብለን ብየዳውን ስንገፍፍ ሰነድ እያጠፋን ነው።

የብሪታንያ የመኪና ምዝገባ ደንብ በዚህ ጉዳይ ላይ አስገራሚ መልስ ነበረው። በእጅጉ የተለወጠ መኪና የቀድሞ መታወቂያውን ይዞ እንዲቀጥል ከ14 ነጥብ 8 ማግኘት ይጠበቅበት ነበር። ያልተነካ አካል 5 ነጥብ ያስገኛል፤ ማንጠልጠያ፣ አክስል፣ ካምቢዮና መሪ ለየብቻቸው 2 ነጥብ አላቸው፤ ሞተር 1 ብቻ። የመኪናው ልብ ነው የምንለው ክፍል በማንነቱ ሚዛን ላይ ከሁሉ ቀላል ሆኖ ተቀመጠ። ለወጪና ለድካም ግን ከሁሉ የከበደውን መዘዝ የሚያመጣው እርሱ እንደሆነ አይተናል።

ለተማሪዎቻችን የምተወው የቤት ሥራ አለ። በየጋራዡ የተለወጡ መኪኖች ቆመዋል፤ የለወጧቸውም ሰዎች በሕይወት አሉ። የሠሩትን የጻፈው ሰው ጥቂት ነው። ኮፈኑን አስከፍታችሁ ተመልከቱ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለምን እዚያ ቦታ እንደ ተበሳ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉ። ባለሙያው ሲያልፍ ቀዳዳው ይቀራል፤ ምክንያቱ ግን አብሮት ይቀበራል።