መናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ፦ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ካቴድራል

በአዲስ አበባ አራዳ፣ ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሐውልት አጠገብ የሚገኘው የመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የዓድዋን ድል ለመዘከር የታነጸ ነው። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ሲሆን፣ ታቦቱም ከሠራዊቱ ጋር ዘምቶ ነበር።

ስምንት ማዕዘን ባለው የድንጋይ ሕንፃ ግንባታ በመሐንዲስነት ከሠሩት መካከል፣ በዓድዋ ተማርኮ በኢትዮጵያ የቀረው ጣሊያናዊው ሴባስቲያኖ ካስታኛ ይገኝበታል። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ስፍራ ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የተደረገውን የግድያ ሙከራ ተከትሎ ፋሺስቶች የከተማዋን ሕዝብ ሲጨፈጭፉ ካቴድራሉንም አቃጠሉት። ለድል መታሰቢያ የቆመው ቤት የበቀል ዒላማ ሆነ። ግንቡ ግን ጸንቶ ቆየ።

ከነጻነት በኋላ ታድሶ፣ ባለቀለም የመስታወት መስኮቶቹንና የግድግዳ ሥዕሎቹን ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ሠርተውለታል። በግቢው ቤተ መዘክርም የነገሥታት አልባሳትና ንዋያተ ቅድሳት ተጠብቀዋል። ከአሶሳም ሆነ ከሌላ ስፍራ ወደ መዲናዋ የሚሄድ ሰው ድሉንም፣ ሰቆቃውንም፣ ትንሣኤውንም በአንድ ግቢ ያገኛቸዋል።