የአንድ ቀን ሄሊኮፕተር

እሑድ ኅዳር 5 ቀን 1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1965)፣ ረፋዱ 4 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ሲል፣ ሌተና ኮሎኔል ሃሮልድ ሙር በቬትናም ማዕከላዊ ደጋ፣ በቹ ፖንግ ተራራ ግርጌ ባለች ገላጣ ሜዳ ላይ ከሄሊኮፕተር ዘሎ ወረደ። ሜዳዪቱ በአሜሪካውያኑ ካርታ «ኤክስሬይ» የሚል ስም ተሰጥቷታል። ሠራዊቱን ከፕሌ ሜ የሚያመላልሱት ሄሊኮፕተሮች 16 ነበሩ፤ ሜዳዪቱ ግን ጠባብ ስለነበረች ስምንት ስምንት ሆነው ማረፍ ነበረባቸው። በዚያች ሜዳ በተደረገው ውጊያ 79 አሜሪካውያን ሞቱ፤ ከሰሜን ቬትናም ወገን የወደቀው ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ከእነዚያ 16 ሄሊኮፕተሮች አንዷን በፕላስቲክ፣ በሙጫና በቀለም አሳንሶ መሥራት የልጆች ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ግን ከታሪክ ጸሐፊ ሥራ የሚከብድበት አንድ ጎን አለው እላለሁ። ጸሐፊ «ሄሊኮፕተሮቹ መጡ» ብሎ ማለፍ ይችላል፤ ማንም አይጠይቀውም። ሞዴል ሠሪ እንዲህ ማለፍ አይችልም። ቱቦው የት ነበር? በሩ ተከፍቶ ነበር ወይስ ተዘግቶ? ጽሑፉ ነጭ ነበር ወይስ ጥቁር? ለሁሉም መልስ ሳይሰጥ ሥራው አያልቅም።

ከዘሩ እንጀምር። የቤል ኩባንያ ኤክስኤች-40 የተባለችውን የመጀመሪያ ናሙና በቴክሳስ ፎርት ወርዝ ያበረረው ጥቅምት 10 ቀን 1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1956) ነው፤ የኩባንያው መሥራች ላሪ ቤል የሞተውም በዚያው ዕለት ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ጦሩ መጀመሪያ ኤችዩ-1 የሚል መለያ ሰጣት፤ ወታደሩ ፊደሉንና ቁጥሩን አንድ ላይ አንብቦ «ሂዩይ» አላት። በ1962 መለያው ዩኤች-1 ተብሎ ቢገለበጥም የወታደሩ ስም አልተቀየረም።

ሂዩይ ግን አንድ አይደለችም፤ ብዙ ሞዴል የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ዩኤች-1ቢ አጭር ገላ አላት፤ ተንሸራታች በሯ ላይ ያለው መስኮት አንድ ብቻ ነው። ኤክስሬይ ላይ ሰው ያወረደችው ዩኤች-1ዲ ገላዋ ረዘም ይላል፤ በሯ ባለ ሁለት መስኮት ነው። የላይኛው ሮተር ልኩም ይለያያል። የቢ ሮተር ከጫፍ እስከ ጫፍ 44 ጫማ ሲሆን የዲ 48 ጫማ፣ ማለትም 14.63 ሜትር ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡ ራሱ ለሠሪው ያደላል፦ በ1/48 መጠን የሚሠራ ሰው ሮተሩ ልክ አንድ ጫማ፣ 30.48 ሳንቲሜትር ሊሆንለት ይገባል። ተራ ማስመሪያ ይበቃዋል። 28 ሳንቲሜትር ገደማ ከሆነ ግን ሣጥኑ ላይ ምንም ይጻፍ ምን፣ በእጁ ያለው የሌላ ሂዩይ ሮተር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ዩኤች-1ኤች ናት። ከዲ ጋር ሲያዩአት መንታ ትመስላለች። ዋናው ልዩነት ሞተሩ ነው፤ የዲ 1,100 የፈረስ ጉልበት፣ የኤች 1,400። ሞተር ደግሞ በሽፋን ውስጥ ስለሚቀመጥ በፎቶግራፍ አይታይም። የሚታየው ምልክት ትንሽ ነው፦ የአየር ፍጥነት መለኪያዋ ቀጭን ቱቦ በዲ ላይ ከአፍንጫዋ ወደ ፊት ይወጣል፤ በኋላ በተሠሩት ኤች ላይ ግን ወደ ጣሪያው ወጥቷል። ኤች ለጦሩ መድረስ የጀመረችው በ1967 ስለሆነ ቱቦዋ ጣሪያ ላይ የተተከለ ሂዩይ ኤክስሬይ ላይ ልትቆም አትችልም። የጭስ ማውጫውም እንዲሁ ዘመን ይናገራል። በ1972 ሙቀት እየተከተለ የሚመታው፣ ከትከሻ ላይ የሚተኮሰው የሶቪየት ሚሳኤል በቬትናም ብቅ ሲል፣ አሜሪካኖቹ ጭሱን ወደ ላይ፣ ወደ ሮተሩ ንፋስ የሚመልስ ቆልማማ ማውጫ ገጠሙ። ወታደሮቹ ቅርጹን አይተው «የሽንት ቤት መቀመጫ» አሉት። የ1965ቱን ሂዩይ የሚሠራ ሰው ይህን ቁራጭ ከሣጥኑ ውስጥ ካገኘው ወደ ጎን ያስቀምጠው።

ቤተ መዘክር ሄዶ እውነተኛዋን መለካትስ? ጥሩ ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በዋሽንግተን አቅራቢያ የስሚዝሶንያን የአየርና የጠፈር ቤተ መዘክር ያቆማት ሂዩይ ቁጥሯ 65-10126 ነው። የፊቱ 65 የተገዛችበትን የበጀት ዓመት ያሳያል፤ የቬትናም አገልግሎቷ ግን የሚጀምረው በ1966 ነው። ቁጥሯን ብቻ አይቶ የኅዳር 1965 ሞዴል ጭራ ላይ የሚለጥፍ ሰው ገና ያልደረሰች ሄሊኮፕተር ወደ ጦርነት ላከ ማለት ነው። በተጨማሪም ሄሊኮፕተር እንደ አሮጌ ቤት ነው፤ በየጊዜው ሲታደስ ኖሯል። ብዙ ዲዎች በኋላ ሞተር ተቀይሮላቸው ኤች ሆነዋል። ዛሬ ቆማ የምትታየው የመጨረሻ መልኳን ነው የምታሳየው።

ቀለሙ ላይ ከብዙ ሠሪዎች ጋር አልስማማም። የቬትናም ሂዩይ ሲባል የተላላጠ፣ በጥላሸትና በአፈር የተለወሰ ገላ መሥራት ልማድ ሆኗል። የደጋው አፈር ቀይ መሆኑ እውነት ነው፤ ሮተሩ ሲያስነሣው የማይገባበት ስንጥቅ የለም። ነገር ግን መዝገቡ ሌላም ይላል። ሙርም ሄሊኮፕተሮቹም የነበሩበት አንደኛ ካቫልሪ ክፍለ ጦር በአየር ተንቀሳቃሽነት የተደራጀው በሐምሌ 1965 በፎርት ቤኒንግ ነው፤ በመርከብ ወደ ቬትናም ተጉዞ አን ኬ የሰፈረው በመስከረም። ከዚያ እስከ ኤክስሬይ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አቧራ፣ አዎ፤ በበሩ ደፍና በመቆሚያ ብረቶቹ ላይ የተፋተገ ቀለም፣ አዎ፤ የአምስት ዓመት ፀሐይ ያነጣው ገላ ግን አይሆንም። አቧራ በስሱ ቀለም ይመጣል፤ ዕድሜ ግን ከሥር የሚጀምር ሥራ ነው፣ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

የጦር መሣሪያውን ነገር ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ቃል ይይዘኛል። ሻለቃ ብሩስ ክራንዳል፣ የ229ኛው አጥቂ ሄሊኮፕተር ሻለቃ ጦር «ኤ» ኩባንያ አዛዥ፣ ለዚያ ቀን ሥራው የተሰጠው የክብር ሜዳሊያ ጽሑፍ ሄሊኮፕተሯን «ያልታጠቀች» ይላታል። ሠሪው ይህን አንብቦ መትረየሶቹን ቢያስቀር ይሳሳታል። በዘመኑ አነጋገር የታጠቀች የምትባለው ሮኬትና በገላዋ ላይ የተገጠመ መትረየስ ይዛ ለማጥቃት የምትወጣዋ ናት። ሰው የምታመላልሰዋ ግን በግራና በቀኝ በር ላይ ኤም60 መትረየስ የያዙ ሁለት ሰዎች ነበሯት፤ ሥራቸው መከላከል ነው። ሰነዱ አልዋሸም፤ ቃሉ የሙያ ቃል ነው።

ያው ሰነድ የቀኑን ቅደም ተከተል ያስቀምጥልናል። በአራተኛው ምልልስ ተኩስ ተጀመረ። በአምስተኛው የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሲያርፉ እሳቱ ስለበረታ የሚከተሉት ስምንት እንዲመለሱ ታዘዘ። ክራንዳል የሙር ወታደሮች ጥይት እንደሚያልቅባቸው ተረድቶ መነሻውን ከፕሌ ሜ ይበልጥ ወደሚቀርበው ፋልከን የመድፍ ሰፈር አዛወረና ፈቃደኛ ጠየቀ። ሻምበል ኤድ ፍሪማን አብሮት ወጣ። ጥይት እያስገቡ ቁስለኛ እያወጡ ክራንዳል 22 ጊዜ፣ ፍሪማን 14 ጊዜ በረሩ። ቁስለኛ ማውጣት የተመደቡበት ሥራ አልነበረም።

እንግዲህ የወንበሩ ጨርቅ፣ የወለሉ ሁኔታ፣ የተቆለለው የጥይት ሣጥን ሁሉ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ መወሰን አለበት። የረፋዱ ሄሊኮፕተር ንጹሕ ወለል ነበራት፤ የማታዋ አልነበራትም። መቆሚያውን ሜዳ ለመሥራት ለሚፈልግ ደግሞ ረጅም የደረቀ ሣር፣ ውሃ የሌለው የወንዝ ቦይና አንድ ትልቅ ኩይሳ ያስፈልገዋል፤ ሙር ውጊያውን የመራው ከዚያ ኩይሳ ሥር ነውና። ኩይሳ ለመሥራት እኛ አገር አብነት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም።

በመጨረሻ የሚቀረው ከሞዴሉ ሥር የሚለጠፈው ጽሑፍ ነው። አብዛኛው ሰው «የክራንዳል ሂዩይ» ብሎ መጻፍ ያምረዋል። ክራንዳል ግን ያን ቀን የበረረው በአንድ ሄሊኮፕተር አይደለም፤ የያዛት በጥይት ስትጎዳ ሌላ እየቀየረ ነው የቀጠለው። ሜዳሊያው ለፍሪማን በ2001፣ ለክራንዳል በ2007 ሲሰጥ የተከበሩት ሰዎቹ እንጂ ሄሊኮፕተሮቹ አይደሉም። ስለዚህ እኔ ብሠራት የምጽፈው ይህን ብቻ ነው፦ «ዩኤች-1ዲ፣ 229ኛ ሻለቃ ጦር፣ ኤ ኩባንያ፣ ኤክስሬይ፣ ኅዳር 5 ቀን 1958 ዓ.ም.።» የጭራ ቁጥሩን፣ በዕለቱ ከተነሣ ፎቶግራፍ ላይ በዓይኔ ካላነበብሁ በቀር፣ ባዶ እተወዋለሁ።