የንጋት ልምምድ በማይሶር

ዮጋ የሚለው የሳንስክሪት ቃል ሥሩ መጥመድ ማለት ነው፤ ገበሬ ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር እንደሚጠምድ ያለ ነው። አሽታንጋ ደግሞ ስምንት ክፍል ያለው ማለት ነው። ስለዚህ አሽታንጋ ዮጋ ሲባል ሰው ሰውነቱንና አሳቡን በስምንት ማሰሪያ የሚገራበት ሥርዐት እንደ ሆነ ከስሙ መረዳት ይቻላል። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬ በዓለም ከተሞች በዚህ ስም የሚጠራው ልምምድ ከስምንቱ ክፍሎች ይልቁንም አንዱን፥ የሰውነትን አቋም፥ አጉልቶ የሚያሳይ ስለ ሆነ ነው።

ስምንቱ ክፍሎች ተዘርዝረው የሚገኙት በፓታንጃሊ ድርሰት ውስጥ ነው። ድርሰቱ ከ1,500 ዓመት በፊት ገደማ እንደ ተጻፈ ብዙ ሊቃውንት ይገምታሉ። ከ190 በሚበልጡት አጫጭር አንቀጾቹ ውስጥ ስለ ሰውነት አቋም በቀጥታ የሚናገሩት ሦስት ያህል ብቻ ናቸው። ከሁሉ በፊት የሚመጣው ያማ የተባለው ክፍል ሲሆን፥ ይኸውም በሌላው ላይ ጉዳት አለማድረስ፥ እውነት መናገር፥ አለመስረቅ፥ ፍትወትን መግታትና አለመስገብገብ ነው። ቀጥሎ የግል ሥነ ምግባር፥ ከዚያም የሰውነት አቋም፥ እስትንፋስን መግራት፥ ሕዋሳትን መሰብሰብ፥ አሳብን በአንድ ነገር ማጽናት፥ ማሰላሰልና ፍጹም ተመስጦ ይከተላሉ።

አሁን በሰፊው የታወቀው ልምምድ ግን ያደገው በደቡብ ሕንድ በማይሶር ከተማ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1927 ቲሩማላይ ክሪሽናማቻርያ የተባሉ መምህር በሐሳን ከተማ የዮጋ ትርኢት ባሳዩ ጊዜ ከተመልካቾቹ መካከል ፓታቢ ጆይስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ነበረ። ልጁ በማግሥቱ ወደ መምህሩ ቤት ሄዶ አስተምሩኝ አለ። በ1930ም ሳንስክሪት ለመማር ወደ ማይሶር ወረደ። ክሪሽናማቻርያ ከ1933 ጀምሮ የማይሶር ንጉሥ የነበሩት ክሪሽናራጃ ዎዲያር አራተኛ በሰጧቸው የቤተ መንግሥት አዳራሽ ወጣቶችን ያሠለጥኑ ስለ ነበር፥ ትምህርቱ ዝላይና ብርታት የበዛበት ሆነ። ደቀ መዛሙርቱ ሥርዐቱ ዮጋ ኮሩንታ ከሚባል ጥንታዊ መጽሐፍ የመጣ ነው ይላሉ፤ መጽሐፉ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች የዘመኑ ጂምናስቲክ እጁን አግብቶበታል ይላሉ፤ እኔም ወደዚህ አደላለሁ።

ፓታቢ ጆይስ መናኝ አልነበሩም። ሚስትና ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ከ1937 እስከ 1973 በማይሶር የሳንስክሪት ኮሌጅ ዮጋ እያስተማሩ በደመወዝ ኖረዋል። በ1948 በመኖሪያ ቤታቸው የዮጋ ማስተማሪያ ከፈቱ፤ ክፍሉ 12 ያህል ተማሪ ብቻ የሚይዝ ጠባብ ነበር። እንግዲህ ሥርዐቱ የቤተ ሰብ ሰው፥ ቀን ሥራ የሚውል ሰው የሚይዘው ሥርዐት ሆኖ የተቀረጸው በዚህ ቤት ነው ማለት ይቻላል።

የዕለት ኑሮን የሚለውጠውም ይኸው የቤት ሥርዐት ነው። ተማሪው በሳምንት ስድስት ቀን ሳይነጋ ይመጣል፤ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና በምትወለድበት ቀን ያርፋል። ልምምዱ በባዶ ሆድ ስለ ሆነ እራት ቀሎና ቀድሞ መበላት አለበት፤ እራት የቀደመለት ሰው ቀድሞ ይተኛል፤ ቀድሞ የሚተኛም የማታ ጭውውቱንና መጠጡን ሳያስበው ይተዋል። እንዲህ ሆኖ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጀው ልምምድ የቀሩትን ሰዓቶች ሁሉ ወደ ራሱ ይስባቸዋል። ምክር የማይመልሰውን ሰው የመኝታ ሰዓት ሲመልሰው ይታያል።

ሌላም ነገር አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ ያለው ሁሉ እንደ ዐቅሙ በየራሱ ይሠራል፤ አንዱን አቋም ሳያውቅ ሁለተኛው አይሰጠውም። የኔታ ፊት ቀርቦ ፊደል የቆጠረ አንባቢ ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። ተርታውም በየቀኑ አንድ ነው፤ እንቅስቃሴው በእስትንፋስ ይቈጠራል፤ ዐይን የሚያርፍበት ስፍራ እንኳ የተወሰነ ነው። ተርታው የማይለወጥ ስለ ሆነ ትናንት ተችሎ ዛሬ ያቃተው አቋም የሚናገረው ስለ ሰውዬው ነው፦ አልተኛም፥ ተቈጥቷል፥ ወይም አርጅቷል። ራስን በየማለዳው በአንድ መስፈሪያ መስፈር ቀላል አይደለም፤ ብዙዎችም ሰበብ ፈልገው የሚቀሩት በዚህ ነው።

በ1964 አንድሬ ቫን ሊሰቤት የተባሉ ቤልጂጋዊ ወደ ማይሶር መጥተው ተማሩ። ከ1970ዎቹ ወዲህ አሜሪካውያን ተከተሉ፤ በ1975ም መምህሩ ከልጃቸው ጋር ወደ ካሊፎርኒያ ሄደው አስተማሩ። በ2009 በ93 ዓመታቸው በማይሶር ሲያርፉ ተማሪዎቻቸው በብዙ አገሮች ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለጸሐፊ በተመቸ ነበር። ነገር ግን መምህሩ ካረፉ በኋላ፥ ይልቁንም ከ2017 ወዲህ፥ ተማሪዎቻቸው የነበሩ በርካታ ሴቶች አቋም ላርም በሚል ምክንያት በማይገባ አኳኋን ነካክተውናል ብለው በአደባባይ መሰከሩ። በ2019 የልጅ ልጃቸውና የሥራቸው ወራሽ ሻራት ጆይስ ለተጐዱት ይቅርታ ጠየቁ። አንዳንድ ሰዎች ይህን ከልምምዱ ጥቅም ለይተን እንየው ይላሉ። እኔ ግን መለየቱ አይሆንልኝም፤ ከስምንቱ ክፍሎች የመጀመሪያው ክፍል መጀመሪያ የሚያዝዘው ጉዳት አለማድረስን ነውና። በየማለዳው የሚደረግ ልምምድ ሰዓትን ያቀናል፥ ጅማትን ያፍታታል፤ እጅ የሌላው ሰውነት ላይ ሲያርፍ ግን የሚጠየቀው ሌላ ትምህርት ነው። ዝም ብለው ያዩ ተማሪዎችም ያን ትምህርት አልተማሩም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች አንድ አዲስ ልማድ ገብቷል። ተማሪው ሳይነጋ ገብቶ ምንጣፉን ከዘረጋ በኋላ በጠርዙ ላይ ትንሽ ካርድ ያስቀምጣል። ካርዱ በአንድ ገጹ መምህሩ እንዲነካው የፈቀደ መሆኑን፥ በሌላው ገጹ ያልፈቀደ መሆኑን ይናገራል። መምህሩም ጐንበስ ብሎ ካርዱን ካየ በኋላ ነው የሚቀርበው ወይም የሚያልፈው።