ዕቃው በማን እጅ ይታጠባል? የወጥ ቤት ሲንክና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ርዕስ ለታሪክ መድረክ ያነሰ መስሎ የሚታያችሁ ትኖሩ ይሆናል። የምናገረው ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት ሳይሆን ስለ ወጥ ቤት ሲንክና ስለ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ነው። ይሁን እንጂ በየቀኑና በየቤቱ ከማዕድ በኋላ የሚሠራ ሥራ፣ ጸሐፊ ስላላገኘ ብቻ ታሪክ የለውም ማለት አይቻልም። ሰነዱ ዕቃው ራሱ ነው። ሲንኩ ከምን እንደ ተሠራ፣ ከየትኛው ክፍል እንደ ተተከለ፣ ቁመቱ ለማን ወገብ እንደ ተለካ ስንመረምር፣ በዚያ ቤት የማን ጊዜ ውድ፣ የማን እጅ ርካሽ እንደ ነበር እናነባለን። አዲስ ወጥ ቤት የሚያሠራ ሰው «የትኛውን ልግዛ?» ሲል ሳያስበው የሚያነሣው ይህንኑ የቆየ ጥያቄ ነው፤ ዕቃው በማን እጅ ይታጠባል?

የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሲንክና ማዕረግ

በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ ባለጸጎች ቤት አንድ ሲንክ አይበቃም ነበር። ድስቱና መጥበሻው ከወጥ ቤቱ ጎን ባለች ትንሽ ክፍል፣ በድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይታጠብ ነበር፤ አጣቢዋም ከቤቱ አገልጋዮች ሁሉ ዝቅተኛዋ ልጅ ነበረች። ብርጭቆውና ስሱ ሸክላ ግን በአሳላፊው ክፍል፣ በእንጨት ወይም በእርሳስ በተለበጠ ሲንክ ይታጠባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድንጋይ ሸክላን ይሰብራል፣ እንጨትና እርሳስ ግን ለስላሳ ናቸው። የሲንኩ ልስላሴ የተመረጠው ለዕቃው ታስቦ ነበር እንጂ ለአጣቢዋ እጅ አልነበረም።

በአሜሪካ ጥያቄው በሌላ መልክ ተነሣ። ካትሪን ቢቸር ከእኅታቸው ከሃርየት ቢቸር ስቶው ጋር በ1869 ባሳተሙት የቤት አያያዝ መጽሐፍ፣ የቤት እመቤት ያለ አገልጋይ ልትሠራበት የምትችል ወጥ ቤት ነደፉ። በንድፉ ውስጥ ሲንኩ የሥራው እምብርት ነው፤ በአጠገቡ ሁለት የእጅ ፓምፖች ቆመዋል፤ አንዱ ለጉድጓድ ውኃ፣ ሌላው ለዝናብ ውኃ። ይህ ትንሽ ዝርዝር ብዙ ያስተምራል። በዚያ ዘመን አድካሚው ሥራ ማጠቡ ብቻ አልነበረም፤ ውኃ ቀድቶ መሸከምና እድፉን አውጥቶ መድፋትም ነበር። ስለዚህ በወጥ ቤት ታሪክ የመጀመሪያው ታላቅ ለውጥ ውኃ ወደ ሲንኩ መምጣቱና ከሲንኩ በቱቦ መውጣቱ ነው። ማሽን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ማሽኑ ወዴት ሄደ?

ጆኤል ሃውተን የተባሉ አሜሪካዊ በ1850 በእጅ በሚዞር መሣሪያ ውኃን በዕቃ ላይ የሚረጭ የእንጨት ማሽን የባለቤትነት መብት አገኙ፤ መሣሪያው ግን እምብዛም አልረዳም። ለውጤት ያበቁት የኢሊኖይ ነዋሪዋ ጆሴፊን ኮክሬን ናቸው። ኮክሬን ዕቃ በማጠብ የተሰላቹ ድኻ አልነበሩም፤ አገልጋዮች ነበሯቸው። ያስቆጣቸው ውድ ሸክላቸው በአገልጋዮቹ እጅ መሸራረፉ ነበር። በ1883 ባለቤታቸው ዕዳ ትተው ሲሞቱ ግን ሐሳቡ መተዳደሪያ ሆነ። ሳሕኖቻቸውን ለክተው ለየመጠናቸው የሽቦ ክፍል ሠሩ፤ ሽቦውን በመዳብ ጋን ውስጥ በሚሽከረከር ጎማ ላይ አኖሩ፤ ሙቅ የሳሙና ውኃም ከታች በኃይል እንዲረጭ አደረጉ። የባለቤትነት መብቱ በታኅሣሥ 1886 ተሰጣቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ እደርሳለሁ። ማሽኑን ማን ገዛው? የቤት እመቤቶች አልገዙትም። ቀዳሚዎቹ ደንበኞች እንደ ቺካጎው ፓልመር ሃውስ ያሉ ትልልቅ ሆቴሎች ነበሩ፤ በ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽንም ማሽኑ በምግብ ቤቶች ውስጥ ሲሠራ ሕዝብ አየው። ሆቴሉ ለዕቃ አጣቢ ደመወዝ ይከፍላል፤ የተሰበረውንም ሳሕን ይቆጥራል፤ ስለዚህ የማሽኑን ዋጋ ከምን ጋር እንደሚያመዛዝን ያውቃል። በቤት ውስጥ ግን የሚስት ድካም በየትኛውም መዝገብ አይገባም፤ ያልተቈጠረ ወጪ ደግሞ ሊቀነስ አይችልም። ማሽኑ የሄደው ማጠብ ዋጋ ወደ ወጣበት ቦታ ነበር።

ከዋጋ ሌላ ሁለት እንቅፋቶች ነበሩ። አንደኛው ውኃው ነው፤ የዚያ ዘመን የቤት ማሞቂያ ማሽኑ የሚጠይቀውን ያህል ሙቅ ውኃ አያቀርብም ነበር። ሁለተኛው የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው። ተራ ሳሙና በካልሲየምና በማግኒዚየም ከበለጸገ ውኃ ጋር ሲገናኝ በሳሕኑ ላይ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል፤ በማሽን ውስጥም አረፋ ይሞላል። ይህ የተፈታው ማዕድናቱን አስሮ የሚይዝ ፎስፌት ያለበት ዱቄት ከ1930ዎቹ ወዲህ ሲስፋፋ ነው። በእንግሊዝ ዊልያም ሃዋርድ ሊቨንስ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመርዝ ጋዝ መወርወሪያ የሠሩት መሐንዲስ፣ በ1924 በር፣ የሽቦ መደርደሪያና ተሽከርካሪ መርጫ ያለው አነስተኛ የቤት ማሽን ነድፈው ነበር። ዛሬ በሱቅ የምናየው ማሽን ቅርጹ ያው ነው፤ ሆኖም ወደ ብዙኃኑ ቤት ለመግባት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያሉትን ዓመታት መጠበቅ ነበረበት። በእነዚያ ዓመታት ሙቅ ውኃ፣ መብራትና ተስማሚ ዱቄት በአንድነት ተገኙ፤ በሰው ቤት ተቀጥሮ የሚያገለግል ሰውም በአሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ እየጠፋ ሄደ።

የእጅን እንቅስቃሴ መቁጠር

ማሽኑ በሆቴል ሲቆይ የቤቱን ሥራ ለማቅለል የታሰበው በሲንኩ በኩል ነበር። ክሪስቲን ፍሬድሪክ የፋብሪካን የሥራ ጥናት ወደ ወጥ ቤት አምጥተው በ1912 በሴቶች መጽሔት መጻፍ ጀመሩ። ዕቃ ሲያጥቡ የሚያደርጉትን እንቅስቃሴ ቢቈጥሩ፣ በማጠቡ ብቻ ሰማንያ ያህሉ አላስፈላጊ ሆኖ አገኙት። መፍትሔያቸው ቀላል ነው፤ ሲንኩን እንደ ሠሪዋ ቁመት ከፍ ማድረግ፣ የቆሸሸውን በአንድ ወገን፣ ማንጠፍጠፊያውን በሌላው ወገን ማኖር።

ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ ይህን ሐሳብ ተቀብለው በ1926 «የፍራንክፈርት ወጥ ቤት» የሚባለውን ነደፉ። ወርዱ 1.9፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በከተማዋ የሠራተኛ መኖሪያዎች ውስጥ ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ተተከለ። ከአንድ ቦታ ሳይርቁ ሁሉን መያዝ ይቻላል፤ ግን የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። እርምጃ ሲቆጠብ ረዳት የሚቆምበት ቦታም አብሮ ተቆጠበ። የታሪክ ምሁሯ ሩት ሽዋርትዝ ካዋን በ1983 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ የቤት መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ያስቀሩት የባልን፣ የልጆችንና የተቀጣሪን ድርሻ ነው፤ የእናትየው ሰዓት ግን እምብዛም አልቀነሰም።

ወደ እኛ ስንመለስ

በአዲስ አበባ የቧንቧ ውኃ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥት የወረደው በዚያው በ1890ዎቹ፣ የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ በነበሩት በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ ነው። ከቤተ መንግሥት ወደ እያንዳንዱ ቤት ያለው መንገድ ግን ረጅም ሆነ፤ ዛሬም በፈረቃ የሚመጣ ውኃ በባልዲና በጀሪካን ይጠራቀማል፤ ዕቃም በሳፋ ይታጠባል። በዚህ ሁኔታ የማሽኑን መዘግየት ለውኃና ለመብራት ብቻ መስጠት ይቀላል። እኔ ግን የሆቴሉን ትምህርት አልረሳም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአሠሪዋ ጋር የምትኖር የቤት ሠራተኛን የሥራ ሁኔታ በመሠረቱ ለአሠሪው ኅሊና ተወው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። ሰዓቱ በሕግ ያልተቈጠረ እጅ ባለበት ቤት ማሽን ቅንጦት ይመስላል። ማሽኑ ወደ ቤታችን መግባት አለመግባቱ ስለ ሀብታችን ብቻ ሳይሆን ያቺ ልጅ ስንት ሰዓት ቆማ እንደምትውል ስለመቁጠራችንም ይናገራል።

ሌላም ነገር አለ። ማሽን የማዕድ ሥርዓትን በሽቦው ውስጥ ተሸክሞ ይመጣል። ኮክሬን የለኩት የራሳቸውን ሳሕን ነው፤ የዛሬው መደርደሪያም ለእያንዳንዱ ተመጋቢ የተለየ ሳሕን፣ ቢላና ሹካ መኖሩን ያስባል። አምራቾች «ለ12 ሰው» ወይም «ለ14 ሰው» ሲሉ የሚቈጥሩት ያንን ነው። የእኛ ማዕድ ግን በአንድ ትሪ ዙሪያ ነው። ሃምሳ ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ትሪና ለድግስ የወጣ ትልቅ ድስት በሽቦው መካከል አይቆሙም። ሸክላ ድስትና ጀበና ውኃውንና ዱቄቱን ይመጣሉ፤ ሞሰብም ከውኃ ጋር ጠበኛ ነው። ብርጭቆውና ሳሕኑ በማሽን ቢታጠብ እንኳ ከባዱ ሥራ በሲንኩ ይቀራል።

ስለዚህ ታሪኩ ለመራጭ የሚሰጠው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ሲንኩን ምረጡ። ትሪ የሚያስተኛ አንድ ሰፊና ጥልቅ ገንዳ፣ ለእኛ ማዕድ ከሁለት ጠባብ ገንዳዎች ይሻላል። ከማይዝግ ብረት ከሆነ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለውን፣ ውፍረቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚደርሰውን እሹ፤ የሳሳው ይጎደጉዳል፣ ድስት ሲያርፍበትም ይጮኻል። ኢናሜል ውበት አለው፤ ነገር ግን ከባድ ብረት ድስት ሲወድቅበት ይፈነከታል። ቁመቱን ዘወትር ለምታጥበው ወይም ለሚያጥበው ሰው ለኩ።

ቀጥሎ ውኃውን መርምሩ። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ ግማሽ ባር ያህል ግፊት ይፈልጋሉ፤ ይህም ማጠራቀሚያው ከማሽኑ 5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት ማለት ነው፤ አለዚያ ፓምፕ ያስፈልጋል። ውኃው ማዕድን የበዛበት ከሆነ በጨው የሚሠራ ማለስለሻ ያለውን ማሽን ምረጡ። ማሽኑ በመጨረሻ ይምጣ። ይህን ካሟላችሁ፣ በአንድ ዙር ከ10 እስከ 15 ሊትር ያህል ብቻ የሚጠቀም አዲስ ማሽን፣ ቧንቧ ከፍቶ ከማጠብ ይልቅ ውኃ ይቆጥባል።

ማሽን የተገዛበት ቤት ግን ጥያቄውን አልፈታም። የሚደረድረው፣ የሚያወጣው፣ ድስቱን የሚፈትገው እጅ ይኖራል። የሚቀጥለው ዘመን ታሪክ ጸሐፊ የእኛን ወጥ ቤቶች ሲመረምር ሲንኩን ለማን ቁመት እንደ ለካነው ያያል፤ ከአጠገቡ ለሁለተኛ ሰው መቆሚያ ትተን እንደ ሆነም ያያል። እንዲያይልን የምንወደውን ዛሬ መለካት የእኛ ፈንታ ነው።